ስለ ጉራጌ ቤትና ምሶሶውን ስለ ተከለው ሰው



በአማርኛችን «ተከለ» የሚለው ግስ የሚሠራውን ሥራ ለጥቂት ጊዜ ልብ ብላችሁ እንድትመለከቱልኝ እለምናለሁ። ገበሬ ችግኝ ይተክላል። ወታደር ድንኳን ይተክላል። ንጉሥ ከተማ ይቈረቍራል፤ ደብር ግን ይተክላል። ጎጆ የሚወጣ ጐልማሳ ከሁሉ አስቀድሞ ምሶሶ ይተክላል፤ ዘመድ የሞተበትም በመቃብሩ ላይ ድንጋይ ይተክላል። እንግዲህ ሰው በምድር ላይ ራሱን የሚያስጠጋበትን፣ የሚበላበትንና በመጨረሻ የሚያርፍበትን ነገር ሁሉ ቋንቋችን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ይዞታል ማለት ነው።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በዘመናችን የሥነ ጥበብ ሰዎች «ኢንስታሌሽን» የሚሉት የአሠራር ዓይነት ተነሥቷል። ሥዕልን በግድግዳ ሰቅሎ ከሩቅ ከማሳየት ይልቅ፣ ተመልካቹ በእግሩ ገብቶ፣ በትከሻው ተሻሽቶ፣ በራሱ ቁመት የሚለካውን ሥፍራ ማዘጋጀት ነው። አንዳንዶች ይህን ስም ወደ አማርኛ ሲመልሱት «የተከላ ጥበብ» ይሉታል። ቃሉን መጀመሪያ ስሰማ የፋብሪካ መኪና የሚተከል መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን ነገሩን ባሰብሁት ጊዜ፣ ስሙን ያወጣው ሰው ሳያስበው ወደ ትልቅ የታሪክ በር እንደ መራን ተገለጠልኝ።

በባሕር ማዶ በዚህ ጥበብ ስማቸው ከተነሣው መካከል ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ። አንደኛው አብሳሎን በሚል ስም የታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1964 በእስራኤል አገር ተወልዶ በፓሪስ የኖረው ወጣት ነው። ይህ ሰው በራሱ አካል ልክ፣ ክንዱ እስከሚደርስበትና ጀርባው እስከሚጎነበስበት ድረስ እየለካ፣ ስድስት ትንንሽ ነጫጭ ቤቶች ቀየሰ፤ ለፓሪስ፣ ለኒው ዮርክ፣ ለቶኪዮና ለሌሎችም ሦስት ታላላቅ ከተሞች አንዳንድ ቤት ማለት ነው። እንግዳ በሆነበት ከተማ ሁሉ የራሱን ቤት ይዞ ለመኖር አሰበ። ነገር ግን በ1993 ገና በ28 ዓመቱ ስለ ሞተ አሳቡ አልተፈጸመለትም፤ የቤቶቹ አብነት ብቻ በቤተ መዘክር ቀረ። ሁለተኛው ዶ ሆ ሱህ የሚባለው የኮሪያ ተወላጅ ነው። እርሱ በ1991 ለትምህርት ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ፣ በሴኡል ያደገበትን የአባቱን ቤት ከነበሩና ከነመስኮቱ ቁመቱን ሳያጓድል በቀጭን ሐር ሰፍቶ፣ በሻንጣ አጥፎ የሚይዘው አደረገ። በ1999 በሎስ አንጀለስ ከተማ ዘርግቶ ባሳየው ጊዜ ሰዎች ከበታቹ ቆመው ወደ ላይ እያንጋጠጡ ተመለከቱት። ከዚያ ወዲህም ቤቱ በታየበት ከተማ ቍጥር የከተማው ስም ከቤቱ ስም ጋር ይጨመርለታል።

ሁለቱም የተጨነቁበት ጉዳይ አንድ ነው፤ ሰው አገሩን ለቅቆ ወደማያውቀው ሥፍራ ሲሄድ ከቤቱ ምኑን ይዞ ይሄዳል? አካሉስ ለአዲሱ ሥፍራ እንዴት ይለምዳል? የአብሳሎንን ቤት ሳስብ ግን አንድ ነገር ይጐድለኛል። በር አለው፤ ደጅ የለውም። አንድ ሰው የሚኖርበት እንጂ ጎረቤት «ቤቶች» ብሎ የሚጣራበት አይደለም።

ይህን ጥያቄ ከአርቲስቶቹ ከብዙ ጊዜ በፊት በእግሩና በጀርባው የተጠየቀ፣ መልሱንም በሥራ የሰጠ ሕዝብ በአገራችን አለ። ይኸውም የጉራጌ ሕዝብ ነው። ታሪኩንም ለመከተል እስከ ፓሪስ መሄድ አያስፈልግም፤ ከአለም ገና ተነሥቶ ወደ ቡታጅራ የሚወርደውን መንገድ መያዝ ይበቃል።

ይህ መንገድ ራሱ የመጠለያ ታሪክ ሆኖ የተዘረጋ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄዳችሁ የአዋሽን ወንዝ በምትሻገሩበት አጠገብ መልካ ቍንጥሬ ይገኛል። በዚህ ሥፍራ ለብዙ ዓመታት የቈፈረው ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን፣ ጎምቦሬ በተባለው ክፍል 1.7 ሚሊዮን ዓመት ያህል ካስቈጠረው የድንጋይ መሣሪያ ክምር መካከል ባዶ ሆኖ የተተወ፣ ጥቂት ከፍ ያለ መሬት አገኘ፤ በዳሩም የትንንሽ ድንጋዮች ክብ ነበረ። እርሱም የመጠለያ ቦታ፣ ድንጋዮቹም የእንጨት መደገፊያ ሳይሆኑ አይቀሩም ብሎ አሰበ። ሌሎች ሊቃውንት በዚህ አሳብ ሁሉም አልተስማሙም፤ ሆኖም አሳቡ ቀላል አይደለም። መልካ ቍንጥሬ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ጥቂት ወረድ ብላችሁ ደግሞ በሶዶ አገር ጢያን ታገኛላችሁ። በዚያ ከተተከሉት 36 ድንጋዮች ውስጥ 32ቱ ሰይፍና ሌላም ምልክት የተቀረጸባቸው ናቸው። ከሥራቸው ሲቈፈር ሰዎች ጉልበታቸውን አጥፈው፣ በማኅፀን እንዳለ ሕፃን ተኰራምተው ተቀብረው ተገኙ። ድንጋዩ በላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ሰውየው በታች ተጣጥፎ ተኝቷል። ዩኔስኮ ይህን ሥፍራ በ1980 (እ.ኤ.አ.) መዝግቦታል፤ ነገር ግን የሚያልፈው አውቶቡስ አብዛኛውን ጊዜ አይቆምም።

ቡታጅራ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ወልቂጤ ደግሞ በሌላው በኩል ወደ ጅማ በሚወስደው ጐዳና 155 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ሁለቱ ከተሞች ለብዙ ጊዜ በአንድ የጉራጌ ዞን ሥር ኖረው፣ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ሲመሠረት ቡታጅራ ለምሥራቅ ጉራጌ ዞን፣ ወልቂጤም ለጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆኑ። በምዕራቡ ወገን ያለው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ «ሰባት ቤት» ይባላል፤ እነዚህም ቸሃ፣ እዣ፣ እነሞር፣ ጌቶ፣ እንደጋኝ፣ ሙኸርና አክሊል፣ ጉመር ናቸው። አስተውላችሁ እንደ ሆነ ሕዝቡ ራሱን የሚቈጥረው በቤት ነው። አገር ሲሉ ቤት ይላሉ፤ ወገን ሲሉም ቤት ይላሉ።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ።

የጉራጌ ቤት ክብ ነው፤ ክዳኑም ሣር ነው። ግድግዳው ከተፈለጠ እንጨት ጎን ለጎን ቆሞ ይሠራል። መካከሉ ላይ አንድ ታላቅ ምሶሶ ይቆማል፤ ከምሶሶውም ወገብ ላይ እንደ ጃንጥላ ዘንግ ወደ ዳር የሚዘረጉ ደጋፊ እንጨቶች ተነሥተው ጣራውን ይሸከማሉ። እውነተኛው የጥንት ቤት ሚስማር አያውቅም፤ ሁሉም በልጥና በገመድ ይታሰራል። ከውስጥ ስትገቡ በመጀመሪያ ምንም አይታያችሁም፤ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ ቆም ማለት ግድ ነው። ከዚያ በኋላ ምድጃው፣ መደቡ፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰፌድና ሙዳይ፣ በአንድ ወገንም ማታ ማታ የሚገቡት ከብቶች አንድ በአንድ ከጨለማው ይወጣሉ። የከብቱ ትንፋሽ ለደጋው ብርድ ማሞቂያ ነው። የምድጃው ጢስ ወደ ላይ ወጥቶ ሣሩንና እንጨቱን እንደ ሬንጅ ስላጠቈረው ነቀዝና ምስጥ በቀላሉ አይደፍሩትም። ጢሱ ለዓይንና ለሳንባ ጕዳት እንደሚያደርስ ግን ዛሬ ሁላችንም እናውቃለን፤ ይህን ደብቀን ቤቱን ብቻ ብናወድስ በዚያ ምድጃ ዙሪያ ዕድሜያቸውን የጨረሱትን እናቶች መበደል ይሆናል።

የቤቱ ልክ የሰው አካል ነው። ሜትር ሳይመጣ በፊት የቤት ስፋት በእርምጃ፣ የእንጨቱ ርዝመት በክንድ፣ ውፍረቱ በስንዝርና በጋት ይለካ ነበር። «ደጃፍ» የሚለውን ቃላችንን አስቡት፤ የቤት ደጅ አፍ ነው። ሰው በሰው አካል የለካውን ቤት መልሶ በሰው አካል ስም ጠራው። አብሳሎን ከራሱ ቁመት ጀምሮ ቤት ለመሥራት በተነሣ ጊዜ አዲስ ነገር ያገኘ መስሎት ከሆነ፣ ከቸሃ ሽማግሌዎች አንዱ ቢሰማው ፈገግ ይል ነበር።

ነገር ግን የጉራጌን ቤት ከአብሳሎን ቤት የሚለየው ግድግዳው አይደለም፤ ደጁ ነው። በጉራጌ መንደር ቤቶች ግራና ቀኝ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ በመካከላቸውም ጀፎረ የሚባል ሰፊ የሣር ጐዳና ያልፋል። ከእያንዳንዱ ቤት ጀርባ እንሰቱ፣ ከእንሰቱም በስተኋላ ሌላው እርሻና ዛፉ ይከተላል። ጀፎረን ማንም አያርሰውም፤ ማንም አያጥረውም። ሠርግ የሚወጣበት፣ ለቅሶ የሚቀመጡበት፣ ሽማግሌ የሚፈርድበት፣ ልጆች የሚጫወቱበት፣ የመስቀል ደመራ የሚበራበት እርሱ ነው። ወደ ጀፎረ አጥሩን የገፋ ሰው በባህሉ ሕግ ይዳኛል፤ ሰባት ቤቶች የጆካ ቂጫ፣ ክስታኔዎች ደግሞ የጎርደና ሴራ የሚሉት የዳኝነት ሥርዓት አላቸው። እንግዲህ በዚህ አገር አንድ ቤት የሚያልቀው በግድግዳው አይደለም። ግድግዳው የግል ነው፤ ጀፎረው ግን የሁሉም ሳሎን ነው።

ከቤቱ ጋር አብሮ የሚኖረውን እንሰትንም ጥቂት ልናገርለት ይገባኛል። እንሰት ሙዝ የሚመስል፣ ነገር ግን ፍሬው የማይበላ ተክል ነው። ከግንዱና ከሥሩ ቆጮ፣ ቡላና አሚቾ ይገኛል፤ ከጭራሹም ቃጫ ይወጣል፤ ቅጠሉ ምንጣፍ፣ መጠቅለያ፣ ሳህንም ይሆናል። ሥራውን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ቅርፊቱን አስደግፈው፣ በእግራቸው ረግጠው፣ በሁለት እጃቸው በቀርከሃ ይፍቁታል፤ በዚህ ሥራ ከእግር ጣት እስከ ትከሻ ሥራ የሚፈታ አካል የለም። ለዛሬው ጉዳያችን የሚያስፈልገው ግን ሌላ ጠባዩ ነው። እንሰት በአንድ ቦታ ተተክሎ በዚያው የሚያድግ አይደለም። ከአንዲት እናት ሥር ብዙ ችግኝ ይፈለፈላል፤ እነዚያም ተነቅለው ወደ ሌላ መደብ ይዛወራሉ፤ ጥቂት ጊዜ ቆይተው እንደ ገና ይነቀሉና ሰፋ ወዳለ ቦታ ይዛወራሉ፤ ለመቈረጥ እስኪደርሱም ድረስ ብዙ ዓመት ያልፋል። ከቦታ ቦታ መነቀሉ ያፋፋዋል እንጂ አይገድለውም። የእንሰት ልጅ የሆነ ሕዝብ መነቀልን ከሌላው ይልቅ አይፈራም ብል፣ ይህ የእኔ ግምት እንጂ የሊቃውንት ቃል እንዳይመስላችሁ።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነው። አሁን ግን ደስ ወደማያሰኘው እመጣለሁ።

ያን ታላቅ ምሶሶ ማን ተከለው? ዊልያም ሻክ የተባለው አሜሪካዊ የማኅበረ ሰብ ተመራማሪ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በቸሃ አገር ተቀምጦ ያጠናውን በ1966 «ጉራጌ፤ የእንሰት ባህል ሕዝብ» በሚል አርእስት በእንግሊዝኛ አሳትሟል። እርሱ እንደሚመሰክረው፣ እንጨቱን የሚቈርጠው፣ ምሶሶውን የሚያቆመውና የጣራውን አጥንት የሚያዋቅረው ባለ ቤቱ አልነበረም። ይህ ሥራ ያን ጊዜ «ፉጋ» እየተባሉ በንቀት የሚጠሩት የእንጨት ጥበብ አዋቂዎች ነበር። መንደሩ በደቦ ሣር ያጭዳል፤ ጭቃ ያቦካል፤ ክዳን ይከድናል። ምሶሶው ግን ያለ እነርሱ አይቆምም። ይሁን እንጂ እነዚህ ሰዎች መሬት አይሰጣቸውም ነበር። አፈሩን ከነኩት ፍሬ ይነሣል ተብሎ ይፈራ ስለ ነበር እንሰት አይተክሉም፤ እንደ ሌላው ሰውም በጋብቻ አይቀላቀሉም። የሰውን ሁሉ ቤት የሚተክሉት ሰዎች፣ ለራሳቸው አንዲት እንሰት መትከል ተከለከሉ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ በመጀመሪያ ስለ «ተከለ» የነገርኋችሁን ከዚህ ጋር አስተያዩት። አንዱን ተከላ ፈቅደው ሌላውን ከለከሏቸው። ይህ ክፉ ልማድ የጉራጌ ብቻ አልነበረም። በሰሜኑም ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» እያለ ሲሸሽ የኖረ፣ ነገር ግን በሠሩት ልብስ የለበሰ፣ በሠሩት ማረሻ ያረሰ፣ በሠሩት ድስት የበላ አገር ነው ያለን። በሕግ ረገድ ነገሩ የተለወጠው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በታወጀ ጊዜ ነው፤ በአዋጁ መሠረት መሬት በእጁ ሊያርስ ለሚፈቅድ ሰው ሁሉ ያለ ልዩነት የሚሰጥ ሆነ። ነገር ግን አዋጅ መሬትን እንጂ አፍን በአንድ ቀን አያርምም። የጋብቻው አጥር ከእርሻው አጥር ይልቅ ቆይቶ የሚፈርስ መሆኑን ከዚያ አገር የመጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚህ በኋላ የጉራጌ ሰው ቤቱን ትቶ ወደ ከተማ የወጣበትን ዘመን እንመልከት።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቈረቈረች። በወልቂጤ አካባቢ የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ መርቶት የነበረው የመጨረሻው ጠንካራ ተቃውሞ በጀብዱ ሜዳ በራስ ጎበና ጦር የተሰበረው በ1881 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ክስታኔዎች ግን ከዚያ ቀደም ብለው ለምኒልክ ገብተው ነበር። ከዚህ ወዲህ ግብር መጣ። ግብሩም ገንዘብ ጠየቀ፤ እንሰት ደግሞ ቤተ ሰብን ያጠግባል እንጂ በቶሎ ብር አይሆንም። ስለዚህ ጐልማሶች ገንዘብ ፍለጋ ወደ አዲሲቱ ከተማ ይወጡ ጀመር። ቤት የሌለው ሰው ይዞት የሚመጣው ንብረት አካሉ ብቻ ነው፤ እነርሱም ይህንኑ አካላቸውን ለሸክም አቀረቡ። ድንጋይ፣ እንጨት፣ ጆንያ፣ ቆርቆሮ እየተሸከሙ ከተማዪቱን በጀርባቸው አቆሙ። በዚያ ጊዜ የሕዝቡን ስም ከሸክም ጋር አያይዞ የሚጠራ የከተማ ሰው ጥቂት አልነበረም። ይህን ሳስታውስ አፍራለሁ፤ ሆኖም ታሪክ ስለ ሆነ መነገር አለበት። በመንደር ሳሉ ሌላውን የናቁ፣ በከተማ ደግሞ ራሳቸው ተናቁ።

ታዲያ በማያውቁት ከተማ ውስጥ ምን አደረጉ? የሣር ክዳናቸውን አልተከሉም፤ ሣሩም፣ ምሶሶ የሚሆነው ዛፍም አልነበረም። በባሕር ዛፍ እንጨት፣ በጭድና በጭቃ በተመረገ ክፍል ውስጥ፣ ከአንድ አገር የመጡት በአንድነት አደሩ። መጀመሪያ የመጣው ኋላ የመጣውን እየተቀበለ፣ የሚያድርበትን እያሳየ፣ ለሥራም እየተዋሰ አስለመደው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ወራሪዎቹ የአገሬውን ሰው ከነጩ ለመለየት ሲሉ የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ አውጥተው «መርካቶ» አሉት። ለመለያየት የተቀየሰው ያ ሥፍራ፣ ኋላ የጉራጌ ነጋዴ ዋና ሰፈር ሆነ። ቀያሹ ያላሰበውን ነዋሪው ሠራበት።

እንደ እኔ አስተያየት ግን፣ ከአገራቸው ይዘው የመጡት ትልቁ ዕቃ ጀፎረ ነው። ሣሩን አይደለም፤ ሥርዓቱን ነው እንጂ። እድር የሚባለውን ማኅበር አጀማመር በሚመለከት የጻፉ ብዙ ሰዎች ከጉራጌ ስደተኞች ጋር ያያይዙታል። በአዲስ አበባ ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ ከእናንተ የሚሰወር አይደለም። ጥሩንባ ይነፋል፤ የእድሩ ድንኳን ከዕቃ ቤት ይወጣል፤ በጠባቡ ጐዳና ላይ ይተከላል። መኪና ቢመጣ ይመለሳል፤ ዘበኛም ቢሆን ምንም አይልም። ለሦስት ቀን ያ መንገድ መንገድ መሆኑ ቀርቶ የሐዘን ደጅ ይሆናል፤ ከዚያ ድንኳኑ ይነቀልና ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። አጥሩ አጥር ላይ በተደገፈበት ከተማ ውስጥ ሰፊ የሣር ጐዳና ያጡ ሰዎች፣ ጐዳናውን ለሦስት ቀን አጥፈው የሚዘረጉት አደረጉት። ኮሪያዊው የአባቱን ቤት በሐር ሰፍቶ በሻንጣ ከመያዙ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ የእኛ ሰዎች የመንደራቸውን ደጅ በሸራ ሰፍተው በመጋዘን አስቀምጠውታል ማለት ነው። በአንድ ነገር ብቻ ይለያያሉ፤ የእርሱን ቤት ሰው ይመለከተዋል፤ የእኛን ድንኳን ሰው ይቀመጥበታል።

ወደ አገር መመለሱም እንዲሁ ነው። ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ እስላሙም ለዐረፋ፣ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ይዞ ይሄዳል። በዚያ ሰሞን የመርካቶ ሱቆች አብዛኞቹ ተዘግተው ሲታዩ ከተማዪቱ ማን እንደሚያቆማት ትዝ ይላታል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ እነዚሁ የከተማ ነዋሪዎች ከአለም ገና በቡታጅራ በኩል እስከ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ለማሠራት ማኅበር አቋሙ፤ ሰባት ቤቶችም በበኩላቸው የመንገድ ሥራ ድርጅት መሠረቱ። ከሱቅና ከሊስትሮ ሳጥን የተገኘ ገንዘብ ከመንግሥት ርዳታ ጋር ተደምሮ ጥርጊያ መንገድ ሆነ። ዶክተር ፈቃዱ ገዳሙ ስለዚሁ የአለም ገና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1972 በለንደን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፍ አቅርበዋል። ጀፎረ በመንደር ውስጥ ቤትን ከቤት ያገናኝ ነበር፤ ይህኛው የከተማውን ክፍል ከእናት ቤት ጋር አገናኘ።

አሁን ወደ ተነሣሁበት የሥነ ጥበብ ነገር ልመለስ። በአገራችን ይህን የተከላ ጥበብ ከሚሠሩት ስመ ጥር የሆነው ኤልያስ ስሜ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በአለ ፈለገ ሰላም ስም በሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሮ በ1982 ዓ.ም. ተመርቋል። የተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የኮምፒዩተር ሆድ ዕቃና ቍልፍ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ እየገዛ፣ እየጠለፈና እየገመደ ትልልቅ ሥራዎች ሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2022ም በቬኒስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ ተካፍሏል። ምናለሽ ተራ ማለት ሰው የጣለውን ሰብስቦ፣ ጠግኖና አዲስ ስም ሰጥቶ የመሸጥ ብልሃት የተሠራበት ሥፍራ ነው፤ ከዚያ ብልሃት ጀርባ የማን እጅ እንዳለ አሁን ታውቃላችሁ። ኤልያስ ከአንትሮፖሎጂስቷ ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆኖ በመካኒሳ ያሠሩት ዞማ ቤተ መዘክር በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፍቷል። ግድግዳው ጭድና ጭቃ ነው። ባለ ሥልጣን ሁሉ «ደሳሳ» ብሎ ሊያፈርሰው የሚቸኩልበት ያው ጭቃ፣ በዚያ ግቢ ውስጥ በጥንቃቄ ተቦክቶ፣ በእጅ ጌጥ ወጥቶለት፣ ከውጭ አገር ሰው መጥቶ በመዳፉ እየዳሰሰ የሚያደንቀው ሆነ። እኔ ይህን መልካም ሥራ አመሰግናለሁ። ነገር ግን በዚያ ግድግዳ አጠገብ ስቆም፣ ጭቃውን ለማድነቅ የመግቢያ ቲኬት እስክንቈርጥ መቆየታችን ትንሽ ያስቀኛል፤ ትንሽም ያሳዝነኛል።

በየመሥሪያ ቤቱ የከተማ ፕላን የምትመለከቱ፣ ካርታ የምታጸድቁ፣ የቤት ቍጥር የምትሰጡ አንባቢያንን አንድ ነገር ላሳስባችሁ እወዳለሁ። ወልቂጤና ቡታጅራ እየሰፉ ናቸው፤ በዙሪያቸው ያሉት መንደሮችም ቀስ በቀስ ወደ ከተማው ክልል ይገባሉ። ጀፎረ በካርታ ላይ ሲታይ ባዶ መሬት ይመስላል። ባለቤት የሚባል ሰው የለበትም፤ ሰነድ የለውም፤ ሕንፃ አልቆመበትም። በጠረጴዛ ላይ ተጐንብሶ ለሚሠራ ቀያሽ ከዚህ የተመቸ ቦታ አይገኝም፤ ለጎረቤቱ አጥርና ለባሕር ዛፉም እንዲሁ። በእርሳስ የሚሰመረው አንድ መስመር የሠርጉንም፣ የለቅሶውንም፣ የዳኝነቱንም ወንበር ያነሣል። መስመሩ ከመሰመሩ በፊት ወደ ሥፍራው ወርዶ ማታ ማታ በዚያ ሣር ላይ ማን እንደሚቀመጥ ማየት፣ ከአበል በቀር ብዙ ወጪ የሚያስፈልገው ሥራ አይደለም።

ቆርቆሮ እንዳይገባ የሚል አሳብ የለኝም። የሣር ክዳን በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ይፈልጋል፤ ሣሩም እንደ ድሮው አይገኝም፤ እሳትም ይፈራል። ልጁ በመርካቶ ነግዶ ለአባቱ የብሎኬት ቤት ቢያሠራ የሚነቅፈው ሰው ከቶ ማነው? በብዙ ግቢዎች ውስጥ ሁለቱ ቤቶች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አዲሱ ባለ አራት ማዕዘን ነው፣ አሮጌው ክብ ነው። በአዲሱ እንግዳ ይቀበሉበታል። በመስቀል ሰሞን ዝናብ በድንገት ሲመጣ ቆርቆሮው ስለሚጮህ ጨዋታ አይሰማም። ያን ጊዜ ሽማግሌው ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ ክቡ ቤት ይሻገራሉ፤ እንግዳውም ይከተላቸዋል፤ ክትፎውም ቆጮውም ወደዚያው ይዞራል። ዝናቡ በሣሩ ላይ ያለ ድምፅ ይወርዳል።

እናንተም እንግዳ ሆናችሁ እዚያ የተቀመጣችሁ እንደ ሆነ፣ ዓይናችሁ ጨለማውን ከለመደ በኋላ ያን ጢስ ያጠቈረውን ምሶሶ ቀና ብላችሁ ተመልከቱና ማን እንደ ተከለው ጠይቁ። ሽማግሌው ቤቱ የቆመበትን ዘመን፣ እንጨቱ የመጣበትን ጫካ፣ ለደቦው የታረደውን በሬ መልክ ሳይቀር ይነግሯችኋል። የተካዩን ስም ግን ወዲያው አያወጡትም፤ ጥቂት ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ዞር ብለው «ያ ሰውዬ ማን ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ።